የመስመሩ መሃል

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ተማሪው ሁሉ ወደ ቤቱ ሲሄድ ክፍሉ ውስጥ የቀሩት ማኑሄ፣ ኤልናታን፣ ጸሎትና ዱሬቲ ነበሩ። የአንድ ለአምስት ቡድናቸው አምስተኛ አባል ቢቂላ ጉንፋን ይዞት ቀርቷል። ጸሎት ግንባሯን ዴስኩ ላይ ደፍታ ተኝታለች። ነፋሱ ስለዞረ የቆሼ ቆሻሻ መጣያ ሽታ በተሰበረው መስኮት ይገባል፤ ተነሥቶ በካርቶን የሚደፍነው ግን አልተገኘም።

«ዱሬ፣ ነገ ሰሌዳ ላይ የምትወጪው አንቺ ነሽ» አለ የቡድኑ መሪ ማኑሄ። «እኔ ሠርቼ ጨርሼዋለሁ። ያንቺ ሥራ መገልበጥ ብቻ ነው።»

የዱሬቲ ዓይን ይቆረቁራታል። በሰፈሯ ውሃ የሚለቀቀው ሌሊት ስለሆነ ጀሪካን ስትሞላ ነው ያነጋችው። ወረቀቱን ወደ ራሷ ሳበችና የፊዚክሱን ጥያቄ አነበበች። አንድ አይዲያል ጋዝ አለ። ግፊቱ ከአራት ወደ አንድ ሲወርድ ይዘቱ ከአንድ ወደ አራት ያድጋል፤ ግራፉ ላይ ለውጡ ቀጥ ያለ መስመር ነው። ጋዙ ከሁሉ ይበልጥ የሚሞቀው የት ላይ ነው?

የማኑሄ መልስ አጭር ነበር። የጋዙ ሙቀት ከግፊቱና ከይዘቱ ብዜት ጋር ይጨምራል፣ ይቀንሳል። መጀመሪያ ላይ አራት ጊዜ አንድ፣ አራት። መጨረሻ ላይ አንድ ጊዜ አራት፣ ያው አራት። ስለዚህ ሙቀቱ ከዳር እስከ ዳር አልተለወጠም።

«እርግጠኛ ነህ?»

«ቲቸር ገረሱ አይተውታል ስልሽ! ልክ ነው ብለዋል። ለሌሎቹም የቡድን መሪዎች ሰጥቻቸዋለሁ፤ ክፍሉ በሙሉ ይህንኑ ጽፎ አስረክቧል።»

«ክፍሉ በሙሉ ከጻፈው እንሂዳ!» አለ ኤልናታን ቦርሳውን እያነገተ። «እኔ ለሳንሱሲ ታክሲ ነው የምሰለፈው። እናንተ እዚሁ ቤቴል፣ ምን አለባችሁ።» ጸሎትን ነቀነቃትና «ተነሺ አንቺ፣ አይዲያል እንቅልፍ» አላት። እየተነጫነጨች ተከትላው ወጣች።

ዱሬቲ መገልበጥ ጀመረች። መጀመሪያ አራት፣ መጨረሻ አራት። ለምን እንደሆነ ሳታውቀው እናቷ ትዝ አለቻት። እናቷ የክሊኒክ ጽዳት ሠራተኛ ናት። ጠዋት ስትወጣ «ደህና ነኝ»፣ ማታ ስትገባም «ደህና ነኝ» ነው መልሷ። ባለፈው ዱሬቲ የቤት ቁልፍ ልትቀበል በምሳ ሰዓት ብትሄድ፣ እናቷ ጫማዋን አውልቃ የክሊኒኩ ደረጃ ላይ ተቀምጣ፣ ያበጠ እግሯን እያሸች ስታለቅስ አገኘቻት። የዚያን ዕለት ማታም መልሷ «ደህና ነኝ» ነበር።

እስክሪብቶዋን አቆመች። መስመሩ መሃል ላይ ግፊቱም ሁለት ተኩል፣ ይዘቱም ሁለት ተኩል ነው። አባዛቻቸው። ስድስት ከሩብ። ከመሃሉ ትንሽ ወዲህ፣ ትንሽ ወዲያ ሞከረች፤ ሁለቱም ስድስት ብቻ ሆኑ።

«ማኑ፣ መሃሉ ላይ ይሞቃል።»

«ምኑ?»

«ጋዙ ነዋ። አንተ ዳርና ዳሩን ብቻ ነው ያየኸው። ቲቸር ይህን እንዴት አለፉት?»

ማኑሄ ወረቀቱን ተቀብሎ አየ። ከዚያ ፊቱን በሁለት እጁ አሻሸ።

«አላሳየኋቸውም» አለ። «ከዚህ ስወጣ እስኪመሽ አጠና ተራ፣ አባዬ ሱቅ ነው የምቆመው። ደክሞኝ ነበር ዱሬ። ልጆቹ በጥያቄ እንዳያደርቁኝ ብዬ ነው ቲቸር አይተውታል ያልኳቸው።»

«እና እንንገራቸዋ።»

«ምን ብዬ? ሁለተኛ ማን ያምነኛል? ተዪው በቃ። ሁላችንም ከተሳሳትን እኮ ማንም አልተሳሳተም። አንቺ ለብቻሽ ሌላ መልስ ይዘሽ ከወጣሽ ግን፣ ቲቸር የሌሎቹ ከየት መጣ ይላሉ። ዞሮ ዞሮ የሚያርፈው እኔው ላይ ነው።»

ዱሬቲ ወረቀቱን መልሳ ተቀበለችው። የውሃ ወረፋ ላይ ጀሪካኗን የሚያግዛት፣ ስትታመም ደብተሯን የሚጽፍላት ማኑሄ ነው። በዚያ ላይ የአንዱ ማርክ የአምስቱም ማርክ ነው። መገልበጡ እንዴት ቀላል ነበር! ገልብጣ ቤቷ ገብታ ብትተኛ የሚጠይቃት አልነበረም።

ክፍሉን ዘግተው ወጡ። አቧራው ጫማቸው ላይ ይነሣል፤ ማኑሄ አንዲት ጠጠር እየመታ ወደፊት ይነዳታል። ከሚለያዩበት ጥግ ሲደርሱ ዱሬቲ ቆመች።

«ማኑ፣ እኔ መሃሉን ነው የምጽፈው። ነገ እንዳትደነግጥ ብዬ ነው አሁን የምነግርህ።»

ጠጠሯን አንድ ጊዜ መታት፤ ቱቦ ውስጥ ገባች። ቻው ሳይላት ሄደ።

አርብ ጠዋት ዱሬቲ ሰሌዳው ላይ መስመሩን አሰመረችና መሃሉ ላይ ነጥብ አደረገች። ቲቸር ገረሱ መነጽራቸውን ከፍ አድርገው የሌሎቹን ቡድኖች ወረቀት አገላበጡ። «እናንተስ ይህን ሁላችሁም ከየት አመጣችሁት?» አሉ። ማኑሄ እጁን አወጣ።