ካርዱ 417 ከሆነ

የጽዳቷ ሴትዮ ደረጃው ላይ እርጥቡን ጨርቅ ጣለች። መርፌ ጎንበስ ብላ አነሳችላት። ጨርቁን መለሰች፤ በውስጡ የተጠቀለለውን ፍላሽ አስቀረች።

«ጋሼ እስከ ስድስት ሰዓት ብሏል» አለች ሴትዮዋ፣ ቀና ሳትል። «አትክፈተው፣ ትጫነው ብቻ ብሏል።»

«ሌላስ?»

«ሌላማ አይዞሽ።»

ከቀኑ አምስት ሰዓት ከሃያ ነበር።

መርፌ የምስጢር ስሟ ነው። በዚህ ሕንፃ ውስጥ ግን ሰባት ወር ሙሉ ኮምፒውተር ጠጋኝ ሆና ኖራለች፤ የመግቢያ ካርዷ ቁጥር 417። ሦስተኛ ፎቅ ያለው ሰርቨር ላይ የአሥራ አንድ ተፈላጊዎች ስምና መደበቂያ ተቀምጧል። ልክ በስድስት ሰዓት ዝርዝሩ ሰዎቹን ሊይዙ ለሚወጡት መኪኖች ይላካል። ፍላሹ ላይ ያለው ስክሪፕት፣ ማሽኑን የሚያዝ አጭር ጽሑፍ፣ ከመላኩ በፊት ዝርዝሩን በሐሰተኛ ይተካዋል። ሰዎቹ ከከተማ ለመውጣት አንድ ሰዓት ይበቃቸዋል።

ስክሪፕቱን የጻፈው የምስጢር ሥራው አለቃዋ ጋሼ ነው። እሷንም ከፊደሉ ጀምሮ ያስተማራት እሱ ነው። «ማሽን ጅል ነው» ይላት ነበር። «በ‹ኢፍ›፣ ‹እንዲህ ከሆነ› ብለሽ፣ ሁኔታውን ካልነገርሽው ራሱ አያስብም። በቅንፉና በውስጡ ባለው መሃል ክፍተት ካልተውሽለት ደግሞ ጭራሽ አይሰማሽም።» ያላነበብሽውን አታስኪጂ ያላትም እሱ ነው።

ሰርቨሩ ክፍል ገብታ ፍላሹን ሰካች፤ ስክሪፕቱን ከፈተችው።

የመጀመሪያው «ኢፍ» ልክ ነበር። ሰዓቱ ስድስት ሊሆን አንድ ደቂቃ ከቀረው፣ ዝርዝሩን ቀይር። ካልሆነ ጠብቅ።

ከሥሩ ሌላ «ኢፍ» ነበር።

በሩ ላይ ያለፈው ካርድ 417 ከሆነ፣ በሩን ዝጋ። ጥበቃ ጥራ። እውነተኛውን ዝርዝር መልስ።

417።

ወንበር ስባ ተቀመጠች።

ስልኳ ጠራ። ጋሼ ነው።

«ጫንሽው?»

«እየጫንኩት ነው ጋሼ።»

«ጎሽ የኔ ልጅ! ስድስት ሲሆን በዋናው በር ውጪ። ማዶ ቆሜ እጠብቅሻለሁ።»

«እሺ ጋሼ።»

ድምፁ እንደ ወትሮው የአባት ድምፅ ነበር። የከፋትም ይኸው ነው።

የጽዳቷ ሴትዮ ባልዲዋን ይዛ ገባች። «ምነው ፊትሽ አመድ መሰለ?»

«ጋሼ ሸጦናል፣ እትዬ። ካርዴ በሩን እንደነካ እንዲዘጋብኝ አድርጎ ጽፎታል። ዝርዝሩንም መልሶ ሊሰጣቸው ነው።»

ሴትዮዋ ወደ ስክሪኑ አየች። ያየችው ግን አልገባትም። «አጥፊዋ ታዲያ!»

«ዝርዝሩን የሚመልሰውን አጠፋለሁ። የበሩን ግን እንዴት? ማዶ ቆሞ እያየ ነው። በሩ ካልተዘጋ ይነቃል፤ በአንድ ስልክ ሁሉንም በር ያዘጋብኛል።»

«እና ሌላ ሰው ላይ ይዘጋ።»

«ማን ላይ?»

ሴትዮዋ እጇን በሽርጧ ጠረገች። አንገቷ ላይ ያለውን ካርድ አውልቃ ኪቦርዱ ላይ አኖረችው። 088።

«አይሆንም እትዬ! ምን ነካሽ?»

«ዝርዝሩ ላይ አራተኛዋን አንብቢያት።»

መርፌ አነበበች።

«ልጄ ናት» አለች ሴትዮዋ። «አሁን ጻፊ፤ ሰዓት እየሄደ ነው።»

አምስት ሰዓት ከሃምሳ አራት።

ዝርዝሩን የሚመልሰውን መስመር ሰረዘች። 417ን አጥፍታ 088 ጻፈች። ሞከረችው።

ስሕተት።

ከላይ እስከ ታች አየችው። ምንም የለም። እንደገና አየችው።

አምስት ሰዓት ከሃምሳ ሰባት።

ክፍተቱ! ቸኩላ ቅንፉን ከቁጥሩ ጋር አጣብቃዋለች። ለየችው። አስኬደችው።

ማሽኑ ሰማት።

«በኋለኛው በር ውጪ» አለች ሴትዮዋ ካርዷን እያጠለቀች። «አትሩጪ። እየሮጠ የሚወጣ ሁሉ ሌባ ይመስላል።» ባልዲዋን እዚያው ትታ ወጣች።

ስድስት ሰዓት። ሐሰተኛው ዝርዝር ሄደ። መርፌ እውነተኛውን ከነቅጂው ደምስሳ ተነሳች።

ኮሪደሩ ግማሽ ላይ ስትደርስ ደወሉ ጮኸ። ጠባቂዎች በአጠገቧ ወደ ዋናው በር ሮጡ። አንዱ በትከሻው ገጫት፤ «ይቅርታ እህቴ» ብሎ አለፈ።

ካርዷን ኋለኛው በር ላይ አስጠጋች።

አረንጓዴ መብራት።

አልሮጠችም።

ማምሻውን ፍላሹ ላይ የቀረውን የጋሼን ስክሪፕት እንዳለ ለድርጅታቸው የበላዮች ላከችው። በሦስተኛው ቀን ከቤቱ ወሰዱት። ስትሰማ ደስ ይለኛል ብላ ነበር፤ ደስ አላላትም። አሥራ አንዱም ተርፈዋል። የጽዳቷ ሴትዮ ወሬ ግን የት እንደገባ ጠፋ።

ከአምስት ወር በኋላ፣ በሌላ ከተማ፣ በሌላ ስም ፎቶ ኮፒ ቤት ተቀጠረች። አንድ ቀን ጠዋት አንዲት ወጣት ፎቶ ይዛ መጣች።

«ከሥሩ ‹የጠፋች እናት› ብለሽ ታትሚልኛለሽ?»

መርፌ ፎቶውን ተቀበለች። ሽርጡም፣ አንገት ላይ ያለው ካርድም ነበሩ።

«ከተማው ሰፊ ነው፤ ማን ያውቃል ብዬ እኮ ነው» አለች ልጅቷ። «አንቺ አይተሻት ታውቂያለሽ?»

ከአሥራ አንዱ ጋር የተገናኘ ማንም ሰው ማንነቷን እንዳያውቅ ታዝዛለች። አንድ ቃል ብትተነፍስ ልጅቷንም ታስበላታለች።

«አይ፣ የኔ እህት። አላውቃትም።»

ልጅቷ ጥጉ ላይ ተቀምጣ ጠበቀች። መርፌ ጀርባዋን ሰጥታት፣ ወረቀት በወረቀት፣ ሁሉንም አተመችላት።

በማግስቱ ፎቶ ኮፒ ቤቱ ሌላ ሠራተኛ ይፈልግ ነበር።