ያላየችው ጠሪ

ይሄ ከሰው የሰማሁት ወሬ አይደለም። በገዛ ቤቴ፣ በገዛ ልጄ ላይ የደረሰ ነው። ባታምኑኝም አልቀየምም... እኔም ብሆን አላምንም ነበር።

ቅዳሜ ነበር። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። ኮልፌ 18 ማዞሪያን አለፍ ብሎ፣ ገደል አፋፍ ላይ ያለችው የኪራይ ቤታችን።

ልጄ ውዳሴ አራት ዓመቷ ነው። ከተወለደች ጀምሮ ምንም አትሰማም ነበር።

ዓምና ቀኝ ጆሮዋን ቀዶ ሕክምና ተደረገላት። ሐኪሙ የጭንቅላቷን ምስል ኮምፒውተር ላይ አሳየኝ። ከጆሮዋ ኋላ ወደ ውስጥ የሚሄድ ቀጭን መስመር ተሰምሮበታል።

"ብዙ አንከፍትም። ምስሉ እየመራን በዚች ጠባብ ቀዳዳ ብቻ እንገባለን" አለኝ።

ውስጥ ቀጭን ሽቦ ቀበሩላት። ከውጭ ደግሞ ጆሮዋ ላይ የሚደረግ ማዳመጫ አለ። እሱ ሲወልቅ እንደ ድሮዋ ናት... ምንም አትሰማም።

ከዚያ በኋላ ሥራው የእኔ ሆነ። የንግግር ባለሙያዋ "ፊትሽን ሳታሳዪ ከኋላዋ ጥሪያት። አቤት ማለት ትልመድ" አለችኝ።

ጉሮሮዬ እስኪደርቅ ጠራኋት። መጀመሪያ "አቤት" ያለችኝ ቀን መሬት ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

አከራያችን እትዬ ሙሉወርቅ ግን አልወደዱትም።

"ልጄ... ያላየችውን ጠሪ አቤት ማለት አታስለምጃት" አሉኝ በሹክሹክታ። "እኛ እንኳ ተደጋግሞ ካልተጠራን አቤት አንልም፤ ጠሪ ሁሉ ሰው አይደለም።"

በሆዴ ተናደድኩ። ልጄ ገና አሁን መስማቷ ነው፣ ደግሞ በዚህ ያስፈራሩኛል?

ያን ቅዳሜ ገላዋን ላጥባት ማዳመጫውን አወለቅኩላት።

"አቤት" አለች።

እኔ አልጠራኋትም።

ዞራ የምታየው የጓዳውን ግድግዳ ነው። ከግድግዳው ማዶ ገደል እንጂ ሰው የሚቆምበት ቦታ የለም።

"ውዳሴ" አልኳት።

አልሰማችኝም።

ጆሮዋ ሥር አጨበጨብኩ። ዘወር እንኳ አላለችም።

"አቤት" አለች እንደገና... ለግድግዳው። ፈገግ ብላ።

ሰኞ ጠዋት ሆስፒታል ይዣት ሄድኩ። ሐኪሙ እንደገና ምስል አስነሳት።

"ሽቦው ቦታው ላይ ነው። ያለ ማዳመጫው ምንም ልትሰማ አትች..."

አልጨረሰውም። ወደ ኮምፒውተሩ ጠጋ አለ።

"ሌላ ሆስፒታል ወስደሻት ነበር?"

"ኧረ በፍጹም።"

በጣቱ አሳየኝ። በግራ ጆሮዋ በኩል፣ ማንም ባልነካው በኩል፣ አንዲት ጠባብ ቀዳዳ ወደ ውስጥ ትሄዳለች። ቆዳዋን ፈተሽነው። ጭረት እንኳ የለበትም።

"እና ይሄን ማን በሳው?" አለ ሐኪሙ ቀስ ብሎ። እኔን አልነበረም የጠየቀው።

ከዚያ ቀን ወዲህ ማዳመጫውን ራሷ እያወለቀች ትጥለዋለች። መልሼ ሳደርግላት ታለቅሳለች። ያን ሁሉ የለፋሁለት ጆሮ የእኔን ድምፅ ጠላው። ይሄ ከፍርሃቱ ይብስብኛል።

ዛሬ ከሰዓት ከጓዳ ስትስቅ ሰማኋት። በሩን ገርበብ አድርጌ አየሁ።

ግድግዳው አጠገብ ቆማለች። አንገቷን ዘንበል አድርጋለች።

ግራ ጆሮዋን የሸፈነው ፀጉር ቀስ ብሎ ተነሳ... ወደ ኋላም ተገፋ። በአካባቢዋ ማንም የለም።

ውዳሴም እሺ እንደሚል ሰው ጭንቅላቷን ነቀነቀች።