አራት ዓመት የዘገየ ወጀብ

ጎረቤታቸው ናናይ ኢስያ በሙዝ ቅጠል የተጠቀለለ ሱማን በሳህን ሞልታ መጣችና ዳሊሳይ ጭን ላይ አስቀመጠችላት። ሩዙ ገና ትኩስ ነበር። ባሏ ማክሰኞ ዕለት ወጀብ ተፈርቶ ባሕር ሳይወጣ የቀረው በዚህች የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ምክንያት መሆኑን ለጎረቤቱ ሁሉ ስታወራ ሰንብታለች፤ ዛሬ ሐሙስ ደግሞ ራሷ ልትመርቃት መጣች። «እጅሽ ይባረክ፣ እደጊልኝ» አለቻት። የዳሊሳይ አባት ደጃፉ ላይ መረብ ይጠግናል። ቀና ብሎ አላየም፤ ግን ሳቁን ሲውጥ ዳሊሳይ አየችው። ሁለት ቀን ሙሉ «የልጄ ሥራ ነው» እያለ ጀልባ ለጀልባ ሲዞር እንደነበር ሰምታለች።

ልቧ ጮቤ ረገጠ። ደግሞስ ለምን አትኮራ?

በዚህ የፓናይ ደሴት ዳርቻ ያሉ አምስት የአጥማጆች መንደሮች ሁልጊዜ በአሥራ አንድ ሰዓት በቪዲዮ ይሰበሰባሉ። ነገ ባሕሩ እንዴት ነው፣ ማን ይወጣል፣ ማን ይቀራል የሚባለው እዚያ ነው። ደህና ኢንተርኔት ያለው ትምህርት ቤት ስለሆነ ስብሰባውን የምትመራው የጋዜጣ ክበቡ ኃላፊ መምህርት ፐርሊታ ናት። ድሮ ዜና ለመልቀም አንድ ሰዓት ሙሉ ስልኳ ላይ ተደፍታ ትቆይ ነበር። ዳሊሳይ ናት የዜና ማንበቢያውን መተግበሪያ ከቪዲዮ ስብሰባው ጋር ያገናኘችው። አሁን ስለ ወጀብ የሚያወራ ዜና ሲወጣ ማንበቢያው ራሱ ይለቅመዋል፣ ስብሰባው ሲከፈት ስክሪኑ ላይ ይደረድረዋል፤ ስብሰባው ሲያልቅ ደግሞ የተወሰነው ነገር ራሱ ወደየሰው ስልክ ይሄዳል። የሰው እጅ አይነካውም። «ሰንሰለቱ» ትለዋለች። ሦስት ወር ለፍታበታለች።

የለፋችውም በከንቱ አይደለም። ከአራት ዓመት በፊት አጎቷ ጀልባውን አጥቶ፣ በአንድ ሳንቃ ላይ ሁለት ቀን ተንጠልጥሎ ነው ከወጀብ የተረፈው። ማስጠንቀቂያው መንደር የደረሰው እሱ ከወጣ በኋላ ነበር። ከዚያ ወዲህ ማኒላ ሄዶ የግንበኛ ሥራ ይሠራል፤ ባሕርን በዓይኑ ማየት አይፈልግም።

ነገ ዓርብ የክፍለ ሀገሩ ትምህርት ቢሮ ሰዎች ስብሰባው ውስጥ ገብተው ሰንሰለቱን ሊያዩ ነው። ዳሊሳይ ሱማኗን እየላጠች ለእንግዶቹ የምታሳየውን ዜና ለመምረጥ መዝገቡን ከፈተች። የሰኞውን ፈለገች፤ ጀልባ ሁሉ እንዲቀር ያደረገውን። «ሲዶንያ የተባለችው ወጀብ ነገ እኩለ ቀን የፓናይን ዳርቻ ትመታለች፤ ጀልባዎች አይውጡ» ይላል። ወሩ ልክ ነው፣ ቀኑም ልክ ነው። ዓመቱን አየች።

ዓመቱ የዛሬ አራት ዓመት ነው።

ክው አለች። የወጀብ ስም በየአራት ዓመቱ ዞሮ እንደሚመጣ እዚህ አገር የማያውቅ ሕፃን የለም። እሷም ታውቃለች፤ ለሰንሰለቱ መንገር ነው የረሳችው። አንድ የዜና ገጽ የድሮውን ዜና ለመታሰቢያ ብሎ መልሶ ለጠፈው፣ ሰንሰለቱም አዲስ መስሎት አፈፍ አድርጎ አመጣው። የዘንድሮዋ ሲዶንያ ከመጀመሪያውም ወደ ሰሜን ነበር መንገዷ፤ ፓናይ ዝር አላለችም። አጎቷን ሊያድን ይችል የነበረው ያ ማስጠንቀቂያ ይኸው አሁን ደረሰ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ማለት ይሄኔ ነው።

ሌላም ነገር ትዝ አላት። ሰኞ ዕለት ሰባ ሁለት ዓመት የሞላቸው አጥማጅ ሎሎ ካዮ፣ የመንደሩ ሁሉ አያት፣ ከስክሪኑ ተነሥተው ወጡ፣ ሰማዩን አይተው ተመለሱና ነገ ጥርት ያለ ቀን ነው፣ እኔ እወጣለሁ አሉ። ድምፅ ማጉያውን የያዘችው ዳሊሳይ ነበረች። «ሎሎ፣ ሰማይ ማየት እኮ ቀረ» አለቻቸው። አምስቱም መንደር ሳቀ። ሽማግሌው አብረው ሳቁና ጀልባቸውን አሰሩ። ማክሰኞ ፀሐይዋ ጥርት ብላ ወጣች፤ ሰዉም በጸሎታችን ወጀቡ ተመለሰ አለ።

ሮኔል ጋ ሮጠች። ሮኔል የክፍል ጓደኛዋ ነው፣ ስብሰባውን የሚከፍተውና የሚዘጋው እሱ ነው። ነገሩን ስትነግረው መጀመሪያ አፉን ያዘ፣ ቀጥሎ ትከሻውን ነቀነቀ። ማን ሞተ አላት? ማንም። ነገ ያንቺ ቀን ነው። ደግሞ ተሳስተናል ካልሽ ነገ ከነገ ወዲያ እውነተኛው ወጀብ ሲመጣ ማን ያምነናል?

«ፋራ አትሁኚ፣ ዳሊ» አላት። «አስተካክይውና ሆድ ይፍጀው።»

እውነት ለመናገር ያለው ነገር ውሃ ያነሣል። እዚያው ቁጭ ብላ ሰንሰለቱ የዘንድሮን ዜና ብቻ እንዲወስድ አደረገችው፤ አምስት ደቂቃ አልፈጀም። በቃ፣ አለቀ አለች ለራሷ።

ወደ ቤት ስትመለስ መንገዷ በሎሎ ካዮ ደጅ ነው። ጀልባቸው ተገልብጧል። ልጃቸው ስማቸው የተጻፈበትን ቀለም በቢላ እየፋቀ ነበር። ሎሎ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ያያሉ። ጀልባው ምን ሆነ ብላ ጠየቀች። ለልጃቸው እንደሰጡት ነገሯት፤ ከእንግዲህ ባሕር አይወጡም።

«ሰኞ ያንን ሰማይ ደኅና ነው ብዬ ማልኩ» አሉ። «ወጀብ እየመጣብኝ ጥርት ያለ ቀን የሚታየኝ ሰው ነኝ። ዓይኔ አርጅቷል፣ ልጄ። ጸሎቱ ወጀቡን ባይመልሰውና እኔን አምኖ የወጣ ሰው ቢኖርስ ኖሮ?»

ዳሊሳይ ዝም ብላ ማለፍ ትችል ነበር፤ እግሯ ግን እምቢ አለ። ቢላው አንድ ፊደል ሲፍቅ ሰማች፣ ሌላ ፊደል ሲፍቅ ሰማች። ከዚያ አሮጌውን በርሜል ተደግፋ ሁሉንም ነገረቻቸው፤ ዓመቱን፣ ስሙን፣ የራሷን ስሕተት።

«ወደ እኛ የሚመጣ ወጀብ አልነበረም?» አሉ ሎሎ።

«አልነበረም።»

«ጭራሹን?»

«ጭራሹን፣ ሎሎ። እርስዎ ልክ ነበሩ።»

ሽማግሌው ቀና ብለው ሰማዩን አዩ፤ ዓይናቸው እንባ አቀረረ፣ ፊታቸው ግን ይስቅ ነበር። ልጃቸውን ጠርተው ቢላውን አስቀምጥ አሉት። ለሷም ለኔ መንገርሽ ይበቃል፣ ነገ እንግዳ ፊት ራስሽን አታዋርጂ አሏት። ከልባቸው ነው የሚሉት፣ እሱ ነው የባሰባት። የሳቁባቸው ሰዎች ግን ይህን አልሰሙም።

ለአባቷ የነገረችው እራት ላይ ነው። መጉረስ አቁሞ ሩዙን አየው። ማክሰኞ ከአምስቱ ውጭ ያለው ጎረቤት መንደር ወጥቶ ሰርዲን በቅርጫት ሞልቶ መመለሱን ያውቃል። የኮራበት ነገር ከእጁ ሲወድቅ ያየች መሰላት። በመጨረሻ «ነጩን ሸሚዝሽን አምጪው፣ ልተኩስልሽ» አላት። ነገ ልትናገር መሆኗን ገና አልነገረችውም ነበር።

ዓርብ በአሥራ አንድ ሰዓት ስክሪኑ በሰው ፊት ተሞላ። የትምህርት ቢሮው ኃላፊ መነጽር ያደረጉ ሴትዮ ናቸው። ዳሊሳይ መጀመሪያ የከፈተችው የሰኞውን ዜና ነው። ዓመቱን በጣቷ አሳየች፣ ስሕተቱ የኔ ነው አለች፣ ሎሎ ካዮ ልክ ነበሩ፣ የሳቅሁባቸው እኔ ነኝ አለች። ከሦስተኛው መንደር አንዱ ስላመለጠው ሰርዲን አጉረመረመ። ናናይ ኢስያ እጇን አፏ ላይ ጫነች። መምህርት ፐርሊታ ጎንበስ አለች፤ ዓመቱን እሷም አላየችውምና። ሮኔል ኮምፒውተሩ ጀርባ ተደበቀ።

ቀጥላ ሌሊቱን የሠራችውን አዲስ ነገር አሳየች። ሰንሰለቱ አሁን እስከ መጨረሻው በራሱ አይሄድም። መልእክቱ ከመውጣቱ በፊት አንድ ስልክ ላይ ቆሞ ይጠይቃል፤ ያ ስልክ «ይለፍ» ካላለ አንድም ቤት አይደርስም። የዕለቱን ዜና ለቀቀችው። «ሎሎ ካዮ፣ ይለፍ?» የሚል ጽሑፍ ስክሪኑ ላይ ወጣ።

ስክሪኑ ላይ ባለው የሎሎ ካዮ መስኮት ውስጥ ባዶ በርጩማና ከኋላው የተቃና ጀልባ ብቻ ይታያል። ግማሽ ደቂቃ አለፈ። አንድ ደቂቃ ሆነ። ከአምስቱ መንደር አንድም ሰው አልሳቀም።

«ልጄ፣ ተቋረጠ እንዴ?» አሉ ኃላፊዋ።

ዳሊሳይ ባዶውን በርጩማ አየች። በሱማኑ ጊዜ ከኮራችው አሁን የኮራችው ይበልጥ ነበር።

«አልተቋረጠም» አለች። «ሰማዩን እያዩ ነው።»