ከተጠማዘዘው ካሴት የወጣው ድምፅ

እኔ አምቦ ውስጥ ከገበያው ከፍ ብሎ ባለች አንዲት ክፍል ሱቅ ሬዲዮና ቴፕ ጠጋኝ ነበርኩ፣ እዚህ ሥራ ላይ የኖረ ሰው ደግሞ ተአምር አያምንም፣ ምክንያቱም "ቴፔ ውስጥ ጂኒ ገብቷል" ብለው የሚያመጡልኝን ሁሉ ስፈታው የማገኘው ወይ የላላ ጎማ ነው ወይ በረሮ። ይሄን ታሪክ ሌላ ሰው ቢነግረኝ ኖሮ ሻይ ጋብዤ እሸኘው ነበር። ግን የደረሰው በእኔ ላይ ነው፣ ምን ላድርግ።

ጊዜው ደርግ ሊወድቅ ጥቂት ዓመት ሲቀረው ነው፣ ክረምት፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ። ወይዘሮ ጫልቱ፣ በእኛ አጠራር አደ ጫልቱ፣ ዝናቡን አቋርጠው መጡ። ቅቤ ነጋዴ ናቸው፣ የማያውቃቸው የለም፣ ልጃቸው ለሚ ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ ወደ ሰሜን ከሄደ ሁለት ዓመቱ ነበር፣ እንደ ደረሰ አንድ ደብዳቤ ጻፈ፣ ከዚያ ወዲህ ጭጭ። ከጋቢያቸው ሥር አንድ ካሴት አወጡ፣ በለሚ እጅ ጽሑፍ "ሮክ ቁጥር ሁለት" የሚል።

"በቀለ፣ ኢልማ ኮ፣ የኔ ልጅ፣ ይሄን ገልብጠህ አሰማኝ" አሉ።

"ሁለተኛውን ገጽ ነው የሚፈልጉት?"

"አይደለም፣ ወደ ኋላ። የእህቴ ልጅ ከአዲስ አበባ ሰምቶ መጥቶ፣ የእነዚህ ፈረንጆች ዘፈን ወደ ኋላ ሲሄድ ሰይጣን ይጠራል አለኝ። ለሚ ደግሞ ጧት ማታ አብሯቸው ይዘፍን ነበር። ልጄ በማያውቀው ቋንቋ ራሱን ረግሞ ሄዶ እንደሆነስ? ሰይጣን ካለበት ዛሬውኑ አቃጥለዋለሁ። ከሌለበት ግን አኖረዋለሁ፣ ሌላ የእሱ ነገር የለኝም።"

ወሬውን እኔም ከተማሪዎች ሰምቼ ስቄበታለሁ። ምንም የለበትም ብዬ ልሸኛቸው አሰብኩ፣ ግን በእኔ ቃል ብቻ የሚያምኑ አልመሰለኝም፣ በጆሯቸው ሰምተው ይረፉ አልኩ። ካሴት ያደመጠ ሰው ያውቀዋል፣ ክሩ ውስጥ ለውስጥ ሲጠማዘዝ የዚያኛው ገጽ ዘፈን እንደ ታፈነ ሆኖ ወደ ኋላ ይሄዳል። ብሎኖቹን ፈታሁ፣ ክሩን አንዴ ጠምዝዤ መለስኩትና ቴፑ ውስጥ ከተትኩት፣ ቀበሌው ቅርብ ስለነበረና የፈረንጅ ሮክ መስማት ያን ጊዜ ስም ስለሚያሰጥ ድምፁን ዝቅ አደረግሁት።

መጀመሪያ የመጣው የጠበቅሁት ነው፣ ከበሮው ወደ ውስጥ እንደሚሳብ ትንፋሽ ይሆናል፣ ዘፋኙ ትኩስ ድንች እንደ ጎረሰ ሰው ይንተባተባል። "አዩ፣ ምንም የለም" ልል አፌን ስከፍት ዘፈኑ ጠፋ። ክሩ ይዞራል፣ በዓይኔ እያየሁት ነው፣ ግን ከበሮውም ጊታሩም የለም፣ በምትኩ ሰው ሲተነፍስ ይሰማል፣ ቅርብ፣ እዚያው ጠረጴዛው ላይ። የሽቦ አልጋ ሲጢጥ አለ። ከዚያ፦

"አዮ፣ ነን ጂራ።"

እማዬ፣ አለሁ ማለት ነው። እመኑኝ፣ አልተንተባተበም፣ አልታፈነም፣ እዚህ አገር ያደገ ልጅ ኦሮምኛ ነው።

"ለሚ ነው" አሉ አደ ጫልቱ፣ ልጁ ከጓዳ የጠራቸው ያህል፣ ድምፃቸውን እንኳ ከፍ ሳያደርጉ።

ወዲያው ሌላ ድምፅ ተከተለ፣ ከመጀመሪያው ራቅ ያለ፣ ቀጭን፣ በአማርኛ፦ "ደረጀ ነኝ። ካቺሲ ላሉት ቤተሰቦቼ ንገሩልኝ።" ከበሮው ተመለሰ፣ እኔም አጠፋሁት።

መልሼ ሦስት ጊዜ አጫወትኩት፣ መንተባተብ ብቻ። ጆሮ የፈለገውን ይሰማል እያልኩ ራሴን ሳጽናና ጎረቤቴ ሸምሱ በርጩማ ይዞ ገባ። ሸምሱ ከስልጤ መጥቶ ጨርቅ የሚነግድ ሰው ነው፣ ሱቆቻችንን የሚለያቸው አንድ ቆርቆሮ ነው፣ ስለ ካሴቱ ምንም አያውቅም። ክፍሉን ዞር ዞር ብሎ አየ።

"እግሩን የታመመው ልጅ ወጣ እንዴ? በርጩማ ላቀብለው ብዬ ነበር።"

"የምን ልጅ?"

"'እግሬን ነው እንጂ ደህና ነኝ' ሲል ሰማሁት። ከእናንተ ጋር ሲያወራ አልነበረም?"

እኔና አደ ጫልቱ ስለ እግር የሰማነው አንዳች ነገር የለም። እሳቸው በርጩማውን ከሸምሱ ተቀብለው ተቀመጡበትና ካሴቱን መልሼ እንድገጥምላቸው ጠየቁኝ። አላቃጠሉትም።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ደብዳቤ መጣ፣ ማንበብ ስለማይችሉ ያነበብኩላቸው እኔ ነኝ። ለሚ ቆስሎ ሆስፒታል ተኝቷል፣ "እግሬን ነው እንጂ ደህና ነኝ" ይላል። መስቀል ካለፈ በኋላ ራሱ በክራንች መጣ፣ እናቱ መናኸሪያው መሐል አንገቱን አቅፈው ሲያሸቱት አይቻለሁ፣ የዚያን ቀን ሥራ መሥራት አልቻልኩም።

ሰው ሲቀንስለት ጠየቅሁት። ካሴቱ ላይ ድምፁን ቀድቶ አያውቅም፣ ቢቀዳም ኖሮ ተገልብጦ ነበር የሚወጣው። ደረጀ የሚባል ሰውም አያውቅም። "ብቻ" አለኝ፣ "ሆስፒታሉ ውስጥ ከመጋረጃው ማዶ አንድ ልጅ ያቃስት ነበር፣ ስሙን አልጠየቅሁትም። አንድ ቀን ጧት አልጋው ባዶ ሆነ። ይውሰዱት ይሙት አላውቅም።"

ከዚያ በኋላ እንቅልፍ አጣሁ። የአንዱ መልእክት እውነት ከሆነ የሌላውን ይዤ ቁጭ ማለት ምን ይባላል? ጊንጪ ድረስ በአውቶቡስ፣ ከዚያ በእህል መኪና ላይ ተሳፍሬ በገበያ ቀን ካቺሲ ገባሁ፣ ደረጀ የሚባል ልጅ የዘመተባት እናት አለች ወይ እያልኩ ጠየቅሁ። ሁለት ሴቶች አመጡልኝ፣ አንዷ ጌሾ ትሸጣለች፣ ሌላዋ ዶሮ ታቅፋለች፣ ሁለቱም ልጆች ደረጀ ይባላሉ፣ በአንድ መኪና ነው የሄዱት።

የሰማሁትን ነገርኳቸው። የባዶውን አልጋ ነገር ግን ዋጥኩት።

"ድምፁ ቀጭን ነው?" አለች ጌሾ ሻጯ።

"ቀጭን ነው።"

"የኔ ነው" አሉ ሁለቱም።

ይጣላሉ ብዬ ፈራሁ። ባለ ዶሮዋ ግን የጓደኛዋን እጅ ያዘችና "ይሁን፣ አንዱ ካለ ስለ ሌላው እሱ ያውቃል፣ አብረው ነው የሄዱት" አለቻት። ከዚያ የዶሮዋን እግር አስራ ለእኔ ሰጠችኝ። እኔ የምሥራች አላልኩም፣ እሷ ግን "ምስር ብላ" አለችኝ፣ ጌሾ ሻጯም ደገመችው። እምቢ ማለት አልቻልኩም፣ ዶሮዋን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ያን ሁሉ መንገድ ስመለስ ደስታም ፍርሃትም ነበረብኝ።

ጦርነቱ ካበቃ በኋላ ከካቺሲ የመጣ ነጋዴ ሱቄ ገብቶ ሲያወራ፣ ከሁለቱ ደረጀዎች አንዱ በእግሩ አገሩ ገባ፣ ሁለቱ እናቶች አንድ ላይ ሆነው ደገሱለት አለኝ። የማንኛዋ ልጅ እንደሆነ ልጠይቀው አፌን ከፍቼ ነበር፣ መልሼ ዘጋሁት፣ እስካሁንም ማንንም አልጠየቅሁም።