አሥሩ ጥጋቸው የተቆረጠ ትኬቶች

መርማሪዋ ስትደርስ የዕጣውን በርሜል የሚያዞረው ሰው ሬሳ ከመስታወቱ በርሜል ሥር በደረቱ ተደፍቶ ነበር። ከጆሮው በላይ ያለው አጥንት ወደ ውስጥ ገብቷል። የተመታበት የበርሜሉ ማዞሪያ ብረት ፀጉር እንደያዘ አጠገቡ ወድቋል። ሦስቴ ነው የተመታው።

ሬሳውን ግን የሚያየው አልነበረም። የሟቹ ታናሽ ወንድም፣ ሹፌሩ፣ ዘበኛውን ግድግዳ ላይ አጣብቆ ጉሮሮውን አንቆታል፤ ዕጣውን ያዘጋጀችው የዕቃ ቤቱ ባለቤትና ትኬት ያዡ ለማላቀቅ ይታገላሉ።

«ደሙ ልብሱ ላይ አለ! ልቀቁኝ፣ ልጨርሰው!»

«ልጄ፣ እሱን ከጨረስከው እኔ ማንን ልጠይቅ ነው?» አለች መርማሪዋ እያለከለከች።

ሹፌሩ ደንግጦ እጁን አላላ። ሰዉ «መርፌ» ነው የሚላት። ስለቀጠነች እንዳይመስላችሁ፤ ደረጃውን ስትወጣ እንኳ ሁለት ጊዜ አርፋለች። ስፌቱ የላላበትን ቦታ ፈልጋ ስለምትገባ ነው።

ዘበኛው ደም ተፋ። «እትዬ፣ ትናንት ከሟቹ ጋር ተሰዳድበናል፣ አልክድም። ዛሬ ግን ወድቆ ሳገኘው ቀና ላደርገው ብዬ ነው ደሙ የነካኝ። ሦስት ልጆች አሉኝ።»

«ዘበኛውን ውሰጂልኝ እህቴ!» አለች የዕቃ ቤቱ ባለቤት። «በአራት ሰዓት ዕጣው ይወጣል ብዬ አስነግሬያለሁ። ሕዝቡን አትሰሚም?»

ሳትጨርስ ድንጋይ መስኮቱን ሰብሮ ገባ። ውጭ፣ ለዕጣ በቀረበው ሚኒባስ ዙሪያ የተሰበሰበው ሰው «ገዳዩን አውጡት!» እያለ በሩን ይደበድባል።

«አሁን ባወጣው ከበሩ ሳይርቅ ይበጫጭቁታል» አለች መርፌ፤ ከዚያ እያቃሰተች ሬሳው አጠገብ ተንበረከከች። የሟቹን ቀኝ እጅ ጣት በጣት ፈለቀቀች። በጭብጡ አሥር ትኬቶች ነበሩ፤ ደም ለብሰዋል፤ የሁሉም ጥግ ተቆርጧል። አገላብጣ አየቻቸው። ወለሉንም በርሜሉ ሥር ድረስ በእጇ ዳሰሰች። አንዲት ቁራጭ ወረቀት የለችም።

«ጥጋቸውን ምን በላው?»

ትኬት ያዡ ጉሮሮውን ጠረገ። ሸሚዙን እስከ አንገቱ የሚቆልፍ፣ ሃያ ዓመት በዚሁ ሥራ የሸበተ ሰው ነው። የሎተሪን ደንብ እንደ ጸሎት ስለሚደግመው ባልደረቦቹ «አንቀጽ» ብለውታል።

«ያልተሸጠ ትኬት ከዕጣው በፊት ቁጥር ያለበት ጥጉ ይቆረጣል። አለዚያ አዘጋጁ ያልሸጠውን በርሜል ውስጥ ከቶ ሽልማቱን መልሶ ለራሱ ሊያስቀር ይችላል። ቁራጩ ታሽጎ ለመንግሥት ታዛቢ ይቀርባል፤ ስድስት ወርም ይቀመጣል። አንድ ቢጎድል ፈቃድ ይነጠቃል፤ የፈረመው ይታሰራል።»

«እርስዎ መቼ ቆረጡ፣ ጋሼ?»

«ትናንት አሥራ አንድ ሰዓት። ያኔውኑ አሽጌ ፈርሜያለሁ። ፖስታው ያው ጠረጴዛው ላይ ነው።»

«የቀረ የለም?»

«በሃያ ዓመት አንድ ቀርቶብኝ አያውቅም!»

መርፌ አራቱንም በርሜሉ ዙሪያ አስቀመጠቻቸው። ሹፌሩ ዓይኑን ከዘበኛው ላይ አልነቀለም።

«እነዚህን ትኬቶች እዩ» አለች። «ደሙ ገጻቸውን ከዳር እስከ ዳር ሸፍኗል። የወፍራሙ ካርቶን የተቆረጠ ጠርዝ ግን ነጭ ነው። ከደሙ በፊት ቢቆረጡ ጠርዙም ደም ይጠጣ ነበር። ስለዚህ ሰውዬው ከሞተ በኋላ ነው የተቆረጡት፤ እጁ ውስጥ እንዳሉ።»

«ምን አይነት እብድ ነው ገድሎ ትኬት የሚቆርጥ?» አለች የዕቃ ቤቱ ባለቤት።

«እኔም እሱን ነው የጠየቅኩት። ዘበኛው ቢሆን ይሮጣል እንጂ መቀስ አይፈልግም። አንቺ ብትሆኚ ትኬቶቹን ወስደሽ ታቃጥያቸው ነበር። ይሄኛው ግን ቆረጠ፤ ቁራጮቹንም ለቅሞ ወሰደ። የት አደረሳቸው?»

ፖስታውን አንስታ ቀደደችው። የትኬት ጥግ ጠረጴዛው ላይ ተዘረገፈ፤ ነጭ በነጭ ነው። መሀሉ ላይ ግን አሥር ቀያዮች ነበሩ።

«ጋሼ፣ ትናንት የታሸገ ፖስታ ውስጥ የዛሬ ጠዋት ደም እንዴት ገባ?»

ትኬት ያዡ የሸሚዙን የአንገት ቁልፍ ፈታ። ከዚያ ቃሉ እየተቆራረጠ ወጣ። «አሥሩ ሳይቆረጡ ከመሳቢያው ኋላ ወድቀው ነበር። እሱ አገኛቸው። ሳቀብኝ። ‹ዋሽተህ ፈርመሃል፣ ለታዛቢው አሳይብሃለሁ› አለኝ። ለመንኩት... እግሩ ላይ ወድቄ ለመንኩት! እየሳቀ ዞረ።»

«ከመታኸው... ከመቱት በኋላስ?»

«መቆረጥ ነበረባቸዋ!» ብሎ ጮኸና መቀሱን ከጠረጴዛው መንትፎ ወደ መርፌ ጉሮሮ ዘለለ።

ዘበኛው መሀል ገባ። መቀሱ መዳፉን በስቶ በሌላ በኩል ወጣ፤ እሱ ግን አልለቀቀም። ሹፌሩ ትኬት ያዡን ከኋላ አንቆ ወለሉ ላይ ጣለው፤ ማዞሪያውን ብረትም አንስቶ ከራሱ በላይ ከፍ አደረገ።

«ወንድምህን አንዴ ነው የምትቀብረው፤ ራስህን አብረህ አትቅበር» አለች መርፌ። «ልጄ፣ ተው።»

ብረቱ አየር ላይ ቆየ። ከዚያ ወለሉ ላይ ጮኾ ወደቀ።

ካቴናው ሲገባለት ትኬት ያዡ አንገቱን ወደ ጠረጴዛው አዞረ። «ፖስታውን መልሰሽ አሽጊው። ስድስት ወር መቀመጥ አለበት።»

«እናሽገዋለን፣ ጋሼ። እርስዎ ከእስር ሲወጡ ግን እሱ ከተጣለ ብዙ ዘመን ይሆነዋል።»

ሹፌሩ አልሰማቸውም። የአንገት ልብሱን ፈትቶ ዘበኛው ፊት ተንበርክኮ ነበር፤ ቅድም ጉሮሮ ባነቀበት እጁ የተበሳውን መዳፍ እየጠቀለለ።

«አጠበቅኩት እንዴ?» አለው።

«ግድ የለም» አለ ዘበኛው። «ከቅድሙ ይሻላል።»