ሶደርማልም ላይ አይ ያልኩት ሰው

የደሴ ልጅ አንድ ጊዜ ተጠይቃ እሺ አትልም። ምግብ ሲቀርብላት «በልቻለሁ» ትላለች፤ ትለመናለች፣ «በሞቴ» ትባላለች፣ ከዚያ በግድ እንደሆነ አስመስላ ትጎርሳለች። እኔም እንዲያ ነኝ። ይህን ጠባዬን ይዤ ስቶክሆልም ገባሁና የነገሩትን ሁሉ የሚያምን ሰው ወደድኩ። ስሙ ሙሀይሚን ይባላል።

የተዋወቅነው ባቡር ውስጥ ነው። ሽማግሌዎችን ቤታቸው ድረስ እየሄድኩ ስንከባከብ ውዬ ደክሞኝ፣ ኖርስቦሪ መጨረሻው ፌርማታ ላይ እንቅልፍ ወስዶኝ ቀረሁ። «እህት፣ ባቡሩ ተመልሶ ሊሄድ ነው» ሲለኝ ባነንኩ።

«አማርኛ እንደምችል በምን አወቅህ?»

«ቅድም በስልክ አንድ ሰው ስትቆጪ ሰምቼሻለሁ።»

ወላጆቹ ከኮምቦልቻ ይዘውት ሲመጡ ገና ሕፃን ነበር። ያደገው ሄሰልቢ፣ የሚሠራው ሜርስታ የዕቃ መጋዘን ውስጥ ነው፤ የዚያን ቀን ዘመድ ሊጠይቅ ነበር የመጣው። ከዚያ ወዲህ ግን በየሳምንቱ እዚያው ባቡር ላይ አገኘው ጀመር። ቤቱ በከተማው ሌላ ጫፍ መሆኑን እያወቅኩ አንድም ቀን እዚህ ምን ትሠራለህ ብዬ አልጠየቅኩትም።

በፈረንጆች 2006 ሰኔ ላይ ራት ልጋብዝሽ አለኝ። አብሬያት የምኖረው ባለትዳሯ እህቴ ጦይባ «ፀሐይ ሳትጠልቅ ተመለሺ» ብላ ፈቀደች። የስቶክሆልም የሰኔ ፀሐይ እስከ ምሽቱ አራት ሰዓት እንደማትጠልቅ ዘንግታው መሰለኝ፤ እኔም አላስታወስኳትም።

የወሰደኝ ሶደርማልም፣ የሉዊዚያና ሰዎች ምግብ የሚሠራበት ትንሽ ቤት ነው። ኬጀንና ክሪኦል ይሉታል። ገና ከመቀመጣችን አጠገባችን ላሉት ስዊድኖች አንድ ትሪ ሙሉ ቀይ ነገር ቀረበላቸው፤ ጺም ያለው፣ መቆንጠጫ ያለው።

«ጊንጥ ይበላሉ እንዴ?» አልኩት በሹክሹክታ።

«ሸርጣን ቢጤ ነው። አትፍሪ፣ ለእኛ አላዘዝኩም። ትናንት ደውዬ የአሳማ ሥጋና ወይን የሌለበት ምን እንዳላቸው ጠይቄያለሁ።»

ደውሎ መጠየቁ ሆዴን አባባው።

የመጣልን ጋምቦ የሚሉት ወጥ ነው። ከዓሣና ከባሚያ የተሠራ፣ ሩዝ ላይ የፈሰሰ፣ ቃሪያው አፍ የሚያቃጥል። ከጠዋት ጀምሮ ምንም አልቀመስኩም ነበር።

«ብዪ እንጂ» አለኝ።

«በልቼ ነው የመጣሁት።»

«እሺ» አለና መብላት ጀመረ።

ወይ ጉድ። ይለምነኛል ብዬ ብጠብቅ ቀና ብሎም አላየኝ። ሲበላ ደግሞ ደስ እያለው። ቢቸግረኝ «እስኪ ልቅመሰው» ብዬ ሳህኑን ሳብኩና ወሬ ሳላበዛ አጋመስኩት። ሳቁን ሊደብቅ ሞከረ፤ አልቻለም።

ጥቂት ቆይቶ ማንኪያውን አስቀመጠ። ዓይኑ ከእኔ ወደ መስኮቱ፣ ከመስኮቱ ወደ እኔ ተመላለሰ።

«ማሂራ፣ ማልሞ ባለው መጋዘን የፈረቃ አለቃ ሁን ብለውኛል። ነገ መልስ ይፈልጋሉ። ከዚያ በፊት አንቺን ልጠይቅሽ። ወደ እህትሽ ባል ሽማግሌ ልላክ?»

ማልሞ የአገሩ ሌላ ዳር ነው። ይህን ጥያቄ ብርዱን ሁሉ ስጠብቀው ነው የከረምኩት። አፌ ግን የለመደውን አደረገ።

«አይ፣ ምን ያስቸኩላል፤ ይቅር» አልኩና አንገቴን ደፋሁ።

አንገቴን ደፍቼ ደግሞ እስኪጠይቀኝ ጠበቅኩ። አልደገመልኝም። ቀና ስል ፊቱ ጠቁሯል።

«እሺ» አለ ቀስ ብሎ። «እውነቱን ስለነገርሽኝ አመሰግናለሁ። እንግዲያው ማልሞን እቀበላለሁ።»

ንዴቴ መጣ። «በቃ? እንዲህ በቀላሉ?»

«አይ አልሽ እኮ።»

«ያልኩት አንዴ ነዋ።»

«ስንት ጊዜ እስክትይ ልጠብቅ? አይ ያለችን ሴት መነዝነዝ ነውር ነው ተብዬ ነው ያደግኩት። ቃልሽን ካላመንኩ ምንሽን ላምን ነው?»

አገር ቤት ቢሆን እናቴ ፊቴን አይታ «ፈቅዳለች» ትልልኝ ነበር። እዚህ ጠረጴዛ ላይ ግን ከእኔ በቀር ስለ እኔ የሚናገር ሰው የለም። ዝም ብል ቃሌን እንዲህ የሚያከብረው ሰው ሊሄድብኝ ነው። አፈርኩ። ማፈሩን ግን ነገም እችለዋለሁ፤ እሱን ማጣቱን አልችለውም።

«ማልሞ አትሂድ» አልኩት። «እወድሃለሁ። ሽማግሌ ላክ።»

ወደ እኔ ጠጋ አለ። «ከልብሽ ነው?»

«ከልቤ ነው።»

«እንግዲያው ማልሞ ቀረ» አለና እዚያው አባቱ ጋ ደወለ። አባቱ ሐጂ አብዱልጀባር ጆሯቸው ስለደከመ ስልክ ላይ ይጮኻሉ፤ የሚሉት ሁሉ ይሰማኝ ነበር።

«ልጅቷን ጠይቀሃታል ወይ?»

«ጠየቅኳት አባባ። መጀመሪያ አይ አለችኝ፤ ኋላ ራሷ ላክ አለች።»

«ስልኩን ስጣት» አሉ።

ስልኩን ስቀበል ሳላስበው ብድግ አልኩ፤ ትልቅ ሰው እያነጋገሩ እንዴት ይቀመጣል። ስዊድኖቹ ምግባቸውን ትተው ያዩኝ ጀመር።

«ልጄ» አሉኝ፣ «የዚህ ልጅ እናት ዓመት ሙሉ እምቢ ብላኛለች፤ እኔም ዓመት ሙሉ ደጅ ጠንቻለሁ። እሱ ግን ያን አያውቅበትም። አይ ካሉት አምኖ ይሄዳል። ባትናገሪ ኖሮ አጥተሽው ነበር።»

«ገብቶኛል አባባ» አልኩ።

«አሁን ደግሞ እኔ ልጠይቅሽ። እሑድ ብንመጣ ትፈቅጃለሽ?»

ሙሀይሚን ከተቀመጠበት ቀና ብሎ ያየኛል።

«ይምጡ» አልኳቸው። አላስለመንኳቸውም።