ድፍርሱ ብልቃጥ

ሥራዬ ቁስል ማጠብ ነው። የሰው እግር ሳጥብ ብዙ ዓመት ኖሬአለሁ። መግሉም ሽታውም አያናድደኝም። የሚያናድደኝ ሳያውቅ ዐዋቂ ነኝ የሚል ሰው ነው። ዛሬ የምነግራችሁ የእናቱን እግር ስላስቆረጠ አንድ መካኒክ ነው።

እናትየዋ ስኳር አለባቸው። ጥፍራቸውን ሲቆርጡ የእግራቸውን ጣት ትንሽ ነካ አደረጉት። በብዙዎቻችሁ ቤት እንደሚደረገው በእሳቸውም ቤት የተረፈ መድኃኒት አይጣልም። ጎረቤት ለጥርሱ ከገዛው የተረፈው፣ የልጅ ልጅ ለጉሮሮው ከታዘዘለት የቀረው፣ ሁሉም በአንድ የብስኩት ቆርቆሮ ይጠራቀማል። ከዚያ እያነሱ ሁለት ሦስት ፍሬ ዋጡ። ሻል ሲላቸው ተዉት፣ ሲብስባቸው ሌላ ቀለም ያለውን ሞከሩ። ባክቴሪያው በበኩሉ ሁሉንም ተለማምዶ ጨረሰ። እኔ ዘንድ ሲመጡ እግራቸው እስከ ቁርጭምጭሚት አብጦ ነበር። ሐኪሙ የቀረው አንድ መርፌ ብቻ መሆኑን ነገራቸው። እሱ ከሠራ እግሩ ይተርፋል፣ ካልሠራ ይቆረጣል።

መርፌው ሠራ። ቀስ እያለ ቢሆንም ሠራ። ፋሻውን በፈታሁ ቁጥር የቁስሉ ጠርዝ ቀይ ሥጋ ሲያበቅል በዓይኔ አይቻለሁ። ለመካኒኩ ልጃቸው ግን ቀስ የሚባል ነገር አይዋጥለትም።

ታናሽ እህቱ የምርምር ላብራቶሪ ውስጥ ትሠራለች። ባክቴሪያ የሚበላ ባክቴሪያ ታረባለች። አንድ ቀን ሁለቱ እናታቸው ራስጌ ቆመው ሲጨቃጨቁ ደረስኩ።

«እስቲ ለሲስተር ንገሪያት፣ ያ አውሬሽ ምን እንደሚያደርግ!» አላት።

«በጣም ትንሽ ነው» አለችኝ እሷ። «እየከነፈ መጥቶ ከትልቁ ባክቴሪያ ጋር ይላተማል። ግድግዳውን በስቶ ይገባና የገባበትን ቀዳዳ ከውስጥ ይደፍናል። ትልቁ ክብ ይሆናል፤ ከውጭ ሲያዩት ቤቱ ደህና ነው። እንግዳው ግን ውስጥ ቁጭ ብሎ ባለቤቱን እየበላ ይረዝማል። የሚበላው ሲያልቅ ተቆራርጦ ብዙ ይሆንና ቤቱን አፍርሶ ይወጣል። እያንዳንዱም ሌላ ቤት ፍለጋ ይሄዳል።»

ሰውነቴን ቀፈፈኝ። መካኒኩን ግን አስጎመጀው።

«ታዲያ የእማዬን እግር የሚበላውን ለምን አይበላልንም?»

«የሰው ቁስል ላይ ገና አልሞከርነውም። የቱን እንደሚበላ፣ የቱን እንደሚተው እያጠናን ነው። መርፌው እየሠራላት ነው፣ ተዋት።»

«እናትሽ እየበሰበሰች አንቺ ፍሪጅ ቆልፈሽ ታጠኛለሽ? ምቀኛ!»

«ምቀኛ በለኝ። አልሰጥህም።»

«ኧረ እግሬ ገና አለ!» አሉ እናትየዋ። «ለቅሶውን አታስቀድሙት!»

ቀጥሎ ያደረገውን በኋላ ራሱ ነው የነገረን። የቤት ቁልፍ ላደርስላት ብሎ መሥሪያ ቤቷ ሄደ። እሷ ጓንቷን አውልቃ እጇን ልትታጠብ ዞር ስትል ጠረጴዛው ላይ ሁለት ብልቃጥ አየ። አንዱ እንደ ውኃ የጠራ ነው፣ ሌላው ድፍርስ። መካኒክ አይደል፣ ቀጭን ዘይት ሞተር አያድንም ብሎ ያምናል። ወፍራም መስሎ የታየውን ድፍርሱን ኪሱ ከተተ።

ከዚያ ሆስፒታል መጥቶ «ሲስተር፣ እማዬ ትራስ አንሷታል» አለኝ። ትራስ ላመጣ ስወጣ ፋሻውን ፈትቶ የብልቃጡን ፈሳሽ ቁስሉ ላይ ገለበጠው። ስመለስ መልሶ ጠቅልሎት ነበር። እናትየዋም «ልጄ ነው፣ ያውቃል» ብለው አልነገሩኝም።

በማግስቱ ትኩሳቱ አናታቸው ላይ ወጣ። ያ ቀይ ሥጋ ጠቆረ። እህትየዋ ብልቃጡ መጥፋቱን አይታ እያለከለከች ደረሰች።

«ወስደሃል?»

«ወስጃለሁ! ያንቺን ፈቃድ ስጠብቅ እናቴ ትሙት?»

«የቱን?»

«ደህናውን ነዋ! ወፍራሙን!»

ጮኸችበት። «አውሬው ካልበላ አይራባም! ብልቃጥ ሙሉ ሌላ ባክቴሪያ እንቀልበዋለን። ፈሳሹን የሚያደፈርሰው ቀለቡ ነው፣ አውሬው በልቶ ሲጨርስ ነው የሚጠራው። አንተ ቀለቡን ነው የደፋህባት! ከሌላ በሽተኛ ቁስል የተወሰደ፣ ይሄ መርፌ እንኳ የማይነካው!»

«ታዲያ የጠራውን ወስጄ ቢሆን ኖሮ...?»

«እሱንም አላውቅም! ስለማላውቅ እኮ ነው እምቢ ያልኩህ!»

እግራቸው ከጉልበት በታች ተቆረጠ። የቀረውን የማጥበው እኔ ነኝ።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። እግር ግን አይለቀምም። ሐኪም ያላዘዘላችሁን የምትውጡ፣ የጀመራችሁትን መሀል ላይ የምታቋርጡ፣ የተረፋችሁን ለጎረቤት የምትቸሩ ሁሉ ስሙኝ። ደግነት መስሏችሁ ከሆነ አይደለም። እናንተ እየሰጣችሁ ያላችሁት ባክቴሪያውን የሚያለማምድ ፍርፋሪ ነው። መድኃኒቱ እምቢ ሲል ደግሞ ያገኛችሁትን ሁሉ ቁስል ላይ ትደፉና ለቅሶው እኛ ዘንድ ይመጣል። አንጀቴ አሯል፣ ልናገረው።

መካኒኩ እናቱ አልጋ ሥር ተንበርክኮ አለቀሰ። «እማዬ፣ ብጠይቃት እምቢ ትለኝ ነበር እኮ!»

«እምቢ ማለቷ ነበራ መድኃኒቴ» አሉት፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው።

ወጣ። እህቱ ኮሪደሩ ላይ ቆማ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ አንድ ቃል አልተነፈሰችለትም። አጠገቧ ደርሶ አንገቱን ደፋ።

«አሁን ምን ላድርግላት?» አላት። ያ ሰው ምን ላድርግ ብሎ ሲጠይቅ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው።

ከእግር እስከ ራሱ አየችው። ጥፍሩ ሥር የሞተር ዘይት ጠቁሮ ነበር።

«መጀመሪያ እጅህን ታጠብ» አለችው።